«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ምን ማለት ነው? ከዶሮ ወጥስ ጋር ምን አገናኘው?

ይቺን አባባል ያልሰማ ሀበሻ ያለ አይመስለኝም። እድር ስብሰባ ላይ፣ ሰርግ ሲደገስ፣ ቢሮ ውስጥ ለታመመ ባልደረባ ብር ሲሰበሰብ አንድ ሽማግሌ፣ ወይ ሽማግሌ ለመምሰል የሚሞክር አንድ ሰው ብድግ ይልና «መቼም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዛ መዝገቡ ይዞራል። ትርጉሙም እዛው ያልቃል፣ ተባብረን እንስራ ተካፍለን እናዋጣ ነው በቃ። ልክ ነው፣ ትርጉሙ እሱ ነው፣ ግን እዚህ ባህር ዳር የበዓል ዋዜማ ጓዳ ውስጥ የሚሆነውን ላየ ሰው አባባሏ ከመዋጮ ሰፋ ያለ ነገር ይዛለች ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ሸክም የተባለውን እንየው። የኛ ሎሚ ትንሽዬ ናት፣ ሃምሳው ተደምሮ ከሦስት ኪሎ ብዙም አያልፍም። ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ባለችበት አገር ሦስት ኪሎ ሎሚ ሸክም ነው ቢባል ያስቃል እኮ። ስለዚህ ነገሩ ኪሎው አይደለም። እስቲ ቅዳሜ ገበያ ሂድና ሃምሳ ሎሚ ገዝተህ ያለ ዘንቢል ያለ ፌስታል ይዘህ ና፣ ኪስህ ይሞላል፣ እጅህ ይሞላል፣ አንዷን ስታነሳ ሁለቷ ተንከባላ ባጃጅ ስር ትገባለች፣ እሷን ብለህ ጎንበስ ስትል ደሞ የኪስህ ይፈሳል። ቤት ካደረስከውስ በኋላ ሃምሳ ሎሚ ለብቻህ ምን ይሰራልሃል? ሁለት ሦስቱን ሻይ ላይ ጨመቅክ፣ ቆሮሶ ዓሳ ጥብስ ላይ ትንሽ ጨመቅክ፣ ስፕሪስ የምትወድ ከሆነ እሱም ላይ፣ የቀረው ግን ልጡ ደርቆ እንደ ጠጠር ይሆናል ወይ ይሻግታል። አባባሉ ሸክም ያለው ይሄንን ነው፣ መያዣም መጨረሻም የሌለው ነገር ለብቻህ ሲሰጥህ።

ጌጥ የተባለው ጋ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ደስ ይላል። ለምን ሃምሳ ኮክ ወይ ሃምሳ ብርቱካን አልተባለም? ምክንያቱም ሎሚ ድሮ የሚበላ ብቻ አልነበረም፣ ሽቶ እንደልብ ባልነበረበት ጊዜ በእጅ ተይዞ እየታሸ የሚሸተት ነገር ነበር። የጥምቀት እለት ደግሞ፣ ጥር 11 ማለት ነው፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ አዲስ ልብስ በሚለበስበት ቀን፣ ጎረምሳው አንዷን ሎሚ ይዞ ይወጣና አይኑ ያረፈባትን ልጅ ደረቷ ላይ ይወረውርባታል፣ እንግዲህ ከተሳካለት ትዳር ድረስ ይሄዳል፣ ካልተሳካለት ሎሚው ቀረ። ልብ በሉ፣ ሃምሳ የያዘው ሰውዬ ነጋዴ ነው፣ አንድ የያዘው ግን ጎረምሳ ነው። ያው ሎሚ፣ ያው አደባባይ፣ የተለወጠው በስንት እጅ እንደተያዘ ነው። ስለዚህ አባባሉ «ሲካፈሉት ይቀላል» ብሎ አልቆመም፣ ቢሆንማ «ለሃምሳ ሰው ቀላል ነው» ይል ነበር። ጌጥ ነው ያለው፣ ያስቸገረህ ነገር ለሁሉም አንዳንድ ሲደርስ የሚያምር ነገር ሆኖ ይወጣል ነው የሚለው።

የጣና ዳር ሰው ደግሞ ሎሚን ከሌላው አገር በተለየ ነው የሚያውቃት። ዘጌ ላይ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ተብሎ ይተረካል። ዘጌ ውስጥ በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማርባትም በቆየው ሥርዓት የተከለከለ ስለሆነ ሰዉ ኑሮው ከነዚሁ ተክሎች ነበር፣ ቡናውን ጌሾውን ፍራፍሬውን ሸጦ እህል ይገዛል። ለዛ ነው ጫካው እስከዛሬ የቆመው፣ ኡራ ኪዳነ ምህረት ስትሄዱ የምታልፉበት ጥላ ማለቴ ነው። በበትር የተጀመረ ሎሚ ባለበት አገር ሎሚ ጌጥ ነው ቢባል ማን ይገረማል።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ፣ ዋናው እዛ ነው። ቅዳም ስዑር፣ ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጾም ሊፈታ ነው፣ ሽምብጥም ሂድ ዓባይ ማዶ ሂድ ግቢው ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ዶሮ ወጥ ለብቻ ተሰርቶ የማይቻል ሆኖ አይደለም፣ ይቻላል፣ ግን የሰራችው ሴትዮ ማታ ቀና ማለት ያቅታታል። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎም ሦስት ኪሎም ሽንኩርት ይከተፋል፣ ያም ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ እየተማሰለ ይቁላላል፣ ከዛ በርበሬው፣ ከዛ ቅቤው፣ ሰዓቱን ቁጠሩት እንግዲህ። ስለዚህ ጎረቤት ይጠራራል፣ ወይም ደግሞ ሳይጠራ ይመጣል፣ አንዷ መክተፊያዋን ይዛ፣ አንዷ የራሷን ዶሮ በሳፋ ይዛ። ወንዶቹ በስመ አብ ብለው ያርዱና ታጥበው ቲቪ ጋ ይቀመጣሉ (ይሄ ሃምሳው ውስጥ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለውን ለናንተ ትቻለሁ)።

ሎሚ የሚመጣው ዶሮዋ ከተበለተች በኋላ ነው። ቆዳዋ ተገፎ ብልቶቿ 12 ሆነው ይወጣሉ፣ 12ቱ የሐዋርያቱ ቁጥር ነው ይባላል፣ ፈረሰኛው ለአባወራው ነው። ከዛ ሳፋ ላይ ውሃ፣ ጨውና ለሁለት የተገመሰ ሎሚ። ሎሚውን ጨምቆ መጣል አይደለም፣ ግማሹን ይዘሽ ስጋውን ታሺዋለሽ፣ አጥንቱ ስር፣ የክንፉ መታጠፊያ ጋ፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ትደፊዋለሽ፣ እንደገና። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። የሎሚው ኮምጣጣነት የዶሮውንም የዓሳውንም ጠረን ይቆርጠዋል፣ ያን የሚያዳልጥ ነገሩንም ያነሳዋል። ግን ሎሚ ውስጥ ነክሮ ሰዓታት መርሳት አይገባም፣ ላዩ ነጣ ይልና ይደርቃል፣ ስጋው ወጡ ውስጥ ገብቶም አይለሰልስም። ደህና አድርጎ የታጠበ ዶሮ ሲሸተት ሎሚ ሎሚ ነው የሚለው እንጅ ዶሮ ዶሮ አይልም፣ እትዬዎቹ አንስተው አሽትተው ነው የሚያልፉት፣ ካላለፈ ይመልሱታል፣ ምንም ይሉኝታ የለም።

እዚህ ላይ አራት አምስት ዶሮ በአንድ ግቢ ሲታጠብ ሎሚው በርግጥም ሃምሳ ይጠጋል፣ አንዷ ገምሳ ትሰጣለች፣ አንዷ ታሻለች፣ ልጆቹ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ወሬው አለ፣ ሳቁ አለ፣ ማን ያገባል ማን ይወልዳል የሚባለው ሁሉ እዛ ይወራል። ጌጡ ይሄ ነው። ብቻሽን ብታጥቢው ያው ዶሮ ይታጠባል፣ ወጡም ይጣፍጣል፣ ወሬው ግን የለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አባባሏን ብዙ ሰው አዛብቶ ይጠቀምባታል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንድ ነው የሚደርሰው፣ ሂሳቡ እዛው አባባሏ ውስጥ ተቀምጧል። ሠላሳውን ለአንዷ ምራት አሸክሞ ሃያውን ለአርባ ዘጠኙ አከፋፍሎ «ተባብረን ሰራን» ማለት የለም። ሁሌ ሽንኩርቱ ለታናሿ ነው የሚሰጠው፣ አይኗ አብጦ ትውላለች፣ ሌላዋ ደግሞ እንቁላል ቀቅላ ልጣ ትቀመጣለች። ቢሮም እንደዛው ነው፣ አባባሏን ጮክ ብሎ የሚጠቅሰው አለቃ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ አንድም ሎሚ የለም። የሰው መቸገር አይቶ ለራሱ አንዷን አንስቶ ከሆነ የተናገረው ያምርበታል፣ ካልሆነ ግን ዝም ቢል ይሻላል።

ደግሞ ሁሉ ነገር ሎሚ አይደለም፣ ሃምሳ እጅ የማይገባበትም ነገር አለ፣ እሱም ጨው ነው። ቅዳም ስዑር ጾም ነው፣ ቅዳሴው ወጥቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እስኪፈታ ድረስ ወጡን የሚቀምስ የለም፣ ባለሙያዋም ብትሆን በአይኗና በአፍንጫዋ ነው የምትሰራው። እንግዲህ አንዷ ጨው ጨምራ ትወጣለች፣ ሁለተኛዋ አልተጨመረም ብላ ትጨምራለች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ትንሽ ያንሰዋል ትላለች፣ ሌሊት ስንቀምሰው ጨው በዝቶበታል፣ የዛን ያህል ሽንኩርት የዛን ያህል ቅቤ። ስለዚህ ጨው ላይ አንድ ሰው ይሾማል፣ ብዙ ጊዜ ትልቋ፣ ትጨምርና ጓዳው ሁሉ እንዲሰማ ታውጃለች፦

«ጨው ገብቷል፣ ማንም እንዳይነካብኝ!»

«እሽ እትዬ፣ እኔስ ምን ልስራ?»

«ሎሚው ያው፣ እጅሽን ታጠቢና ግቢ።»