ቢጫ ዝኩኒ ሲረግፍ ማዳበሪያ አትጨምሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዝኩኒዬ ጣት ሲያክል ይሸበሸብና ይረግፋል፤ ምን ማዳበሪያ ልጨምር?» ቢጫ ዝኩኒ በጓሮው ከተከለ ሰው መካከል ይህን ያልጠየቀ ጥቂት ነው። መልሱም ሁሌ ያው ነው፤ አንዱ ፍግ ጨምርበት ይላል፣ ሌላው ውሃ አብዛለት፣ ሌላው ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተህ ነስንስ። ሦስቱም ችግሩን ስተውታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው አፈሩ ላይ ሳይሆን አበባው ላይ ነው።

ዝኩኒ በአንዱ ተክል ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዴው በቀጭን አገዳ ጫፍ ብቻውን ይቆማል። ሴቴዋ ግን ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዝኩኒ የመሰለች ነገር ይዛ ነው የምትመጣው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያቺን ነገር አይቶ «ፍሬ ይዟል» ይላል። አልያዘም። የወንዴው ብናኝ (የአበባው ዱቄት) ካልደረሳት ተክሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጥላታል። አበባዋ የምትከፈተው ለአንድ ማለዳ ብቻ ነው፤ ረፋድ ላይ ትዘጋለች፣ ተመልሳም አትከፈትም። ብናኙ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፣ ንብ ያስፈልገዋል። ዝናባማና ብርዳማ ማለዳ ንብ አይወጣም። መደቡ በመረብ ከተሸፈነ ወይም ፀረ ተባይ ከተረጨም ያው ነው።

ቢጫው ዝኩኒ ላይ ይህን መለየት ይከብዳል። አረንጓዴው ዝኩኒ ብናኝ ሲያጣ ጫፉ ቢጫ ስለሚሆን ቶሎ ያስታውቃል። ብዙዎቹ ቢጫ ዝርያዎች ግን አበባቸው ከመፈንዳቱ በፊትም ቢጫ ናቸው፤ ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ አበባው የነበረበትን ጫፍ በጣት ጫን አድርጉት። የያዘች ፍሬ ጫፏ ጠንካራ፣ ቆዳዋ የሚያብረቀርቅ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ስትወፍር ታያላችሁ። ያልያዘችው ትደበዝዛለች፣ ጫፏ ይሸበሸባል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሻግታል። እንዲህ ያለችውን ሳትቆዩ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ሻጋታው ወደ ግንዱ እንዳይዘልቅ።

ማዳበሪያው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በውስጡ ያለው ናይትሮጂን ሲበዛ ተክሉ ጉልበቱን ቅጠል ላይ ያውለዋል፤ ሴቴ አበባ ይዘገያል፣ የወጣውም በቅጠል ተሸፍኖ ንብ አያገኘውም። ሲተከል በየጉድጓዱ ሁለት አካፋ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ከገባ፣ ፍሬ መያዝ እስኪጀምር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

መፍትሔው በእጅ ማራባት፣ ማለትም የወንዴውን ብናኝ በእጅ ለሴቴዋ ማድረስ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ፀሐይ ወጥታ አበባው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ፣ በዚያው ማለዳ የፈካ ወንዴ አበባ ከነአገዳው ቁረጡ። መሃል ላይ የቆመችውን ዘንግ በጣት ንኩ፤ ቢጫ ዱቄት ካልያዛችሁ ሌላ ፈልጉ። የአበባውን ቅጠሎች ገንጥላችሁ ዘንጓን ብቻ አስቀሩና በሴቴዋ መሃል ያለውን መቀበያ ቀስ አድርጋችሁ ቀቡት። መቀበያው ሦስት አንዳንዴም አራት ክፍል ነው፤ ሁሉንም አዳርሱ። ብናኙ በበቂ ካልተዳረሰ ፍሬው አንድ ጫፉ ቀጥኖ ወይም ተጣሞ ያድጋል። አንድ ወንዴ ለሁለትና ለሦስት ሴቴ ይበቃል። አበባው ከረጠበ ግን እስኪደርቅ ጠብቁ።

አንድ ተክል ብቻ ያለው ሰው ወንዴና ሴቴ በአንድ ማለዳ ላይገጥምለት ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ተክል፣ በመካከላቸው 90 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ ትከሉ።

«ወንዴ አበባ ፍሬ ስለማይሰጥ ይቆረጥ።» ከላይ የተባለውን ያነበበ መልሱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ ለቀናት ወንዴ ብቻ መውጣቱም በሽታ አይደለም።

ወደ እንቁላሉ ቅርፊት ስንመለስ፣ ምክሩ የመጣው ከሌላ ችግር ነው። ያደገ ፍሬ ጫፉ ላይ ጠቁሮና ሰርጎ ሲታይ ካልሲየም አልደረሰውም ማለት ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ካልሲየሙ ከአፈሩ ጠፍቶ ሳይሆን ውሃው አንድ ሳምንት በዝቶ ሌላ ሳምንት ስለሚቋረጥ ነው። ቅርፊት አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚፈርስ ለዚህ ወቅት ፍሬ አይደርስም። ውሃውን ሳታቋርጡ ከሥሩ በጥልቀት አጠጡ፤ ከግንዱ ትንሽ አርቃችሁም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጉዝጓዝ አልብሱት።

«ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠወለገ፣ ውሃ ጠማው።» ትልልቅ ቅጠሎች በጠራራ ፀሐይ መጠውለጋቸው ያለ ነው። ማታ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ከታች እርጥብ ከሆነና ቅጠሉም ከቀና አትንኩት።

«ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ካለ በሽታ ነው።» በአውራ ጣት እሹት። ዱቄት ሆኖ ከተጠረገ ሻጋታ ነው። ካልተጠረገና የቅጠሉን ደም ሥሮች ተከትሎ የሄደ ብርማ ዝንጉርጉር ከሆነ ግን የዝርያው መልክ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ የተነሳ ጤነኛ ቅጠል ገፍፎ ይጥላል።

«ቆይቶ ይተልቅ።» ቢጫ ስለሆነ በስሏል፣ ስላልተለቀ አልደረሰም የሚባል ነገር የለም። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ጥፍር በቀላሉ ቆዳውን ሲበሳው፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እጀታ አስቀርታችሁ በቢላ ቁረጡ። ዘሩ እስኪጠነክር የተተወ አንድ ፍሬ ተክሉ አዲስ ማፍራቱን እንዲቀንስ ያደርገዋል። በለቀማ ወቅት ሁለት ቀን ሳታሳልፉ እዩት። ቢጫ ቆዳ የቅጠሉ እሾህ የጫረውን ሁሉ ስለሚያሳይ ቅጠሉን በአንድ እጅ ገለጥ አድርጋችሁ ልቀሙ።

«ከኪያር አጠገብ ከተተከለ ይመራል።» ኪያርና ዝኩኒ አይዳቀሉም። ከአንዳንድ የዱባ ዓይነቶች ጋር ይዳቀላል፤ ያ ግን የሚለውጠው የዘንድሮውን ፍሬ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ዘር ነው። ከጓሮ የተረፈ ዘር ስትዘሩ መጠንቀቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው። ከእንዲህ ያለ ተክል የመጀመሪያውን ፍሬ ስትቆርጡ ቁራጭ በምላሳችሁ ቅመሱ። ከመረረ ትፉት፣ ፍሬውንም ጣሉት፤ ምሬቱን የሚያመጣው ንጥረ ነገር በማብሰል አይጠፋም፣ ሆድንም ክፉኛ ያውካል። ያንን ተክል ነቅላችሁ በታወቀ ዘር ተኩት።