ሞኖኮክ ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት የሚወጣ አይሱዙ ጭነቱን የሚሸከመው ከሥር በተዘረጉት ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ ማለትም በሻንሲው ነው። ጋቢናውም ካሶኒውም ከላይ የተቀመጡ ናቸው። የፎርሙላ ዋን ውድድር መኪና ግን ለብቻው ተፈትቶ የሚወጣ ሻንሲ የለውም። አሽከርካሪው የሚቀመጥበት ቅርፊት ራሱ ሻንሲው ነው፤ ሞኖኮክ የሚባለውም ይኸው ነው። የፊት ጎማዎቹን የያዙት ዘንጎች እሱ ላይ ይታሰራሉ፤ ከኋላው ሞተሩ፣ ከሞተሩ ኋላ ካምቢዮው በብሎን ይገጠማል።

ሻንሲ ጉድጓድ ላይ ትንሽ ቢጠማዘዝ ለአይሱዙ ደግ ነው፤ ጎማው መሬት እንዳይለቅ ይረዳል። ለውድድር መኪና ግን ጥፋት ነው። መካኒኩ ሞላውን ለክቶ ቢያስተካክልም አካሉ እንደ ሞላ ከተጠማዘዘ ልኬቱ ከንቱ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1962 የሎተስ የውድድር ቡድን መሪ ኮሊን ቻፕማን ቅርፊቱን ከአሉሚኒየም ላሜራ ሠራ። በ1981 የማክላረን ቡድን ንድፍ አውጪ ጆን ባርናርድ ካርቦን ፋይበርን አመጣ። አንድ ሊትር የሚያህል ብረት 7.8 ኪሎ ሲመዝን ያንኑ የሚያህል የካርቦን ቅርፊት 1.6 ኪሎ ገደማ ነው።

ካርቦን ፋይበር ክር ነው፤ የአንዱ ዘለላ ውፍረት ከ5 እስከ 7 ማይክሮን ነው (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ነገሩን ሸማኔ ቶሎ ይረዳዋል። ጋቢ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲጎተት ብዙም አይለጠጥም፤ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ሲጎተት ግን ይለጠጣል፣ በዚያ በኩል የተዘረጋ ክር የለምና። የካርቦን ጨርቅም ጉልበቱ በክሩ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ሲነባበር አንዱ በርዝመቱ፣ ሌላው በ45 ዲግሪ ሰያፍ ይነጠፋል። መጠማዘዝን ዋነኛው የሚቋቋመው ሰያፉ ነው፤ እሱ ከተዘነጋ ሌላ ጨርቅ መደረቡ ብዙ አይጠቅምም፣ ክብደት ይጨምራል እንጂ።

ጨርቁ አስቀድሞ ኢፖክሲ ሙጫ የጠጣ ነው፤ ሙጫው ቀድሞ እንዳይደርቅ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል። ቅርጽ ማውጫው ላይ በእጅ ይነጠፋል። በሁለቱ ገጾች መካከል እንደ ማር እንጀራ ባለ ቀዳዳ አሉሚኒየም ይገባል፤ ቅርፊቱ ሳይከብድ ግትር እንዲሆን የሚያደርገው ይህ ነው። ከዚያ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አየሩ ይመጠጣል፣ አውቶክሌቭ በሚባል የግፊት ምድጃ ውስጥም ከ120 እስከ 180 ዲግሪ ሙቀት ይበስላል።

ብልሽቱ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አየር ከቀረ፣ ወይም የጨርቁ መሸፈኛ ፕላስቲክ ሳይላጥ ከተረሳ፣ ንብርብሩ ይላቀቃል፤ ላዩ ግን ያብረቀርቃል። የተጣመመ ብረት ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥቅጦ ይቃናል፤ ካርቦን አይጣመምም፣ ይሰነጠቃል። ብልሽቱን ለማግኘት ቅርፊቱ መጀመሪያ በሳንቲም መታ መታ ይደረጋል፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተላቀቀው ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። አጠራጣሪው ቦታ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ተጎድቶ ከተገኘ ንብርብሩ እየተላጠ ይወጣና አዲሱ ጨርቅ በቀድሞው ክር አቅጣጫ ተነጥፎ እንደገና ይበስላል።