ከገበታ እስከ ፀጉር ሥር፦ ምግብና ማዕድናት በደሴና በኮምቦልቻ

ፀጉር የተሠራው በዋናነት ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ከቆዳ በላይ የምናየው ክር ሕይወት የለውም። ሕያው የሆነው ሥሩ ነው፤ ሥሩ ደግሞ የሚመገበው ደም ከሚያመጣለት ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፀጉሯ የሳሳባት ሴት መጀመሪያ የምታስበው ለጋ ቅቤ ወይም አዲስ ዘይት ነው። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ማዕድ ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን የምግቡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ምን ከምን ጋር፣ መቼ እንደሚበላና እንደሚጠጣ ነው ነገሩን የሚወስነው።

በአንድ ሰው ራስ ላይ በአማካይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ። በወር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆነው በማደግ ላይ ያለ ነው፤ ይህ ዕድገት ከ2 እስከ 6 ዓመት ይቆያል። የቀረው አብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር ያርፍና ይወድቃል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ የጤና ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ግን የረገፈው ፀጉር ከጉንጉኑ ጋር ተይዞ ስለሚቆይ፣ ስትፈታው የሁለት ሳምንቱ ሁሉ በአንዴ እጇ ላይ ይቀራል። ብዙዎች የሚደነግጡት ያኔ ነው። ሒሳቡን ካሰሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም።

ሰውን የሚያሳስተው ያ የእረፍት ጊዜ ነው። ሰውነት ክፉኛ ሲጎዳ በርካታ ሥሮች ዕድገታቸውን ባንዴ ያቆማሉ። ርግፈቱ የሚታየው ግን ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። በመስከረም ኮምቦልቻ ላይ ወባ የጣለው ሰው ፀጉሩ መርገፍ የሚጀምረው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ወባው ተረስቷል፤ የሚወቀሰው ሰሞኑን የተገዛው ሻምፑ ነው። ወሊድ፣ ታይፎይድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ክብደት ልቀንስ ብሎ ምግብ መዝጋትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ምክንያቱ ከተወገደ ርግፈቱ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይቆማል።

የፕሮቲን እጥረት በፀጉር ላይ ምን እንደሚያደርግ ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1965 እና 1966፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ይህን አገር ሲመታ ደሴ የወሎ ዋና ከተማ ነበረች። ክዋሺዮርኮር በሚባለው የምግብ እጥረት የተያዘ ሕፃን ፀጉሩ ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ ጥቁርነቱን ለቆ ወደ ቀይነት ይሄዳል፣ ሲስቡትም በቀላሉ ይነቀላል። አንዳንዴ በአንድ ክር ላይ የፈዘዘና የጠቆረ ቀለም ይፈራረቃል። የፈዘዘው የተራበበት፣ የጠቆረው ምግብ ያገኘበት ወቅት ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ እዚህ ድረስ የሚደርስ ብዙ አይታይም። ግን ሙሉ ቀን በሻይና በዳቦ የሚውል ተማሪ፣ ወይም ምሳውን ዘሎ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ጎልማሳ ፀጉሩን እያስራበ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ቃሚው ራሱ የሚመሰክረው ነው።

በከተማ ሴቶች ላይ ግን ዋናው ጉዳይ ብረት ይመስለኛል። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ያህል ብረት እንድታገኝ ይመከራል፤ ለወንድ 8 ይበቃል። ደም ማነስ ደረጃ ላይ ሳትደርስም የተጠራቀመው ብረት ሊያልቅ ይችላል። ይህን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው የደም ምርመራ ነው። «ደምሽ ደህና ነው» ተብላ ፀጉሯ የሚረግፍ ሴት ያልተመረመረችው ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

እዚህ ጋ «ጤፍ ብረት አለው አይደል?» የሚል ይኖራል። አለው። ግን በምርመራ ከሚገኘው ብረት ብዙው በአውድማ፣ በበሬ እግር ሲወቃ ከአፈር የገባ ነው፤ ያ ደግሞ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ብረትንና ዚንክን ጨምድዶ ይይዛል። በዚህ ረገድ እርሾ ባለውለታችን ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ባቄላና አተር አብቅሎ ቦቆልት ማድረግም ያንኑ ሥራ ይሠራል። በሶና ቆሎ ግን አልቦኩም፣ አልበቀሉም። በሶ ጠላሁ ማለቴ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቡና ነው። የወሎን ቡና መንካት ድፍረት ቢሆንም እውነቱን መናገር ይሻላል። ምሳ ሽሮ ነው። ትሪው ሳይነሳ ረከቦቱ ይቀርባል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አቦሉ ይቀዳል። በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሷል። የሚገርመው ሌላው ውጤት ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲጠጣ ምንም ጉዳት አልታየም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ እንደዚያው ሆነ። ስለዚህ ደም ማነስ ያለባት ሴት ቡናውን መተው የለባትም። ከምግብ በፊት ማድረግ ወይም ከበላች በኋላ ደህና ጊዜ ማቆየት ይበቃታል። ቶናና በረካውም አብረው ይሸጋገሩ።

በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ የእህልና የጥራጥሬን ብረት ያስገባል። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከሽሮ ጋር ጥሬ ቃሪያ መግመጥ፣ ቲማቲም ቆርጦ ማቅረብ ከብዙ እንክብል ይሻላል። በክረምት መንገድ ዳር እየተላጠ የሚሸጠው በለስም እዚሁ ይመደባል። ሥጋ ለበላ ነገሩ ይቀላል። የሥጋ ብረት በቀላሉ ይገባል፤ አብሮት የተበላውን የእህል ብረትም ይዞ ይገባል። ጉበት የገባበት ዱለት ከሁሉ ይበልጣል፤ ጥሬውን ግን እኔ አልመክርም። አንዳንዱ ደግሞ በልቶም አይጠቅመውም። የመንጠቆ ትል አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ደሙን ይመጠዋል፤ የሰገራ ምርመራ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ዚንክ ለሴት በቀን 8፣ ለወንድ 11 ሚሊ ግራም ይበቃል። ሥጋ፣ ጥራጥሬና የዱባ ፍሬ ውስጥ አለ። እጥረቱ ሲከፋ ፀጉር ይረግፋል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም።

የወሎ ቤት ከአንዱ በላይ ጾም ያውቃል። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁዳዴ የሚጾምና ረመዳን የሚጾም መኖሩ እዚህ ብርቅ አይደለም። በሁለቱም ቢሆን ጾሙ በራሱ ፀጉር አያረግፍም። በሁዳዴ እንጀራ ከሽሮና ከምስር ጋር ሲበላ እህሉና ጥራጥሬው የጎደላቸውን ፕሮቲን እርስ በርስ ያሟላሉ። ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባና ሰሊጥ ሲጨመሩ ደግሞ ጥሩ ገበታ ይሆናል። ዓሣ ለሚበላ ሰው የሐይቅ ዓሣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ቢ12 ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጪ አይገኝም፤ ሰውነት ለዓመታት ስለሚያጠራቅመው የሁለት ወር ጾም አያሟጥጠውም።

ስለ ጨውም አንድ ነገር። አዮዲን ሲያንስ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ይዳከማል፣ እንቅርት ይወጣል፣ ፀጉርም ይደርቃል፣ ይሳሳል። ወሎ ለዘመናት የበላው ከአፋር በግመል የመጣ አሞሌ ነበር፤ አዮዲን አልተጨመረበትም። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ የተደነገገው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጨውን ክፍት ማስቀመጥና ገና ወጡ ሲጣድ መጨመር አዮዲኑን ይቀንሳል፤ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል።

ቅቤውስ? ቅቤ ክሩን ያለሰልሳል፣ እንዳይሰበር ይረዳል። ሥሩን አይመግብም። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃም ክሩን ያደርቀዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም።

ሁሉንም ርግፈት በምግብ ማሳበብም ልክ አይደለም። በልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ላሽ የሚባለው ክብ ክብ መላጣ ሰውነት የራሱን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የወንዶች ራሰ በራነት በዘር ነው። ግንባር ዳር ያለው ፀጉር የሚሸሸው ደግሞ አጥብቆ ከመሠራት ነው። እነዚህን የሚለየው የቆዳ ሐኪም ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ይታወቃል።

ፋርማሲ ከመግባት በፊት የሚታወቅ ነገር አለ። አንዳንድ ማዕድንና ቫይታሚን ሲበዛ ራሱ ፀጉር ያረግፋል። ሴሊኒየም በቀን 55 ማይክሮ ግራም ይበቃል፤ ከ400 በላይ አዘውትሮ መውሰድ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል። ቫይታሚን ኤ ሲበዛም እንዲሁ ነው። ብዙ ዚንክ ለረጅም ጊዜ መዋጥ መዳብን ያሳጣና መልሶ ደም ማነስ ያመጣል። ብረት የታዘዘላት ሴት በፀጉሯ ላይ ለውጥ ለማየት ከ3 እስከ 6 ወር መታገሥ አለባት፤ እንክብሉንም ልጆች ከማይደርሱበት ታስቀምጥ፣ ለሕፃን መርዝ ነው። ቢዮቲን ደግሞ በቀን 30 ማይክሮ ግራም ሲበቃ በብልቃጥ የሚሸጠው 5,000 እና 10,000 ነው። እጥረቱ እምብዛም አይገኝም። ይህን ያህል የዋጠ ሰው የታይሮይድ ምርመራው ሊዛባ ስለሚችል፣ ደም ከመስጠቱ በፊት ቢዮቲን እንደሚወስድ ለላቦራቶሪው ባለሙያ ይንገር።