በሰሜን ሸዋ ዩኒቨርሲቲዎች የዓመቱ ጥሪዎችና ዕድሎች

ሰሜን ሸዋ በሚል ስም የሚጠሩ ሁለት ዞኖች አሉ። አንዱ በአማራ ክልል ነው፤ መቀመጫው ደብረ ብርሃን። ሌላው በኦሮሚያ ክልል ሲሆን መቀመጫው ፍቼ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጎጃም መንገድ ፍቼ ላይ ይገኛሉ። ቅጽ ሲሞላም ሆነ የትብብር ደብዳቤ ሲጻፍ «ሰሜን ሸዋ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ክልሉ አብሮ መጠቀስ አለበት።

በዕድሜ የሚበልጠው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። የጤና ትምህርቶቹ የሚሰጡበት ካምፓስ በቀዶ ጥገና ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት በዚህ አካባቢ ለሚማሩና ለሚሠሩ የተጻፈ ቢሆንም፣ አሠራሩ በአብዛኛው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ዕድል የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በቀንና በወረቀት ስለሆነ ትኩረቱም እዚያ ላይ ነው።

ዓመቱ እንዴት ይሄዳል

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ያልቃል፤ የትምህርት ዓመቱ ከዚያ ዘግይቶ ይጀምራል። ከነሐሴ እስከ ጥር ያለው የውጭ ስኮላርሺፕ ወቅት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ ሐምሌ ማብቂያ ወይም ነሐሴ መግቢያ ላይ ተከፍቶ ሁለት ወር ያህል ይቆያል። በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፉት የኢራስመስ ሙንደስ ማስተርስ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ማመልከቻ ይቀበላሉ። በጥርና በየካቲት የመውጫ ፈተና አንዱ ዙር ይሰጣል። የካቲት 29 የሴቶች ቀን ነው፤ የላቀ ውጤት ያመጡ ሴት ተማሪዎች የሚሸለሙት ብዙ ጊዜ በዚያ ሰሞን ነው። ግንቦትና ሰኔ የምርምር ጉባኤዎች፣ የምርቃት ዝግጅትና የሂሳብ መዝጊያ አንድ ላይ የሚገጣጠሙበት ወር በመሆኑ በዚያ ጊዜ ፊርማ ፍለጋ የሚዞር ሰው ኃላፊ አያገኝም። ሐምሌ ችግኝ ተከላና የክረምት ትምህርት አለው።

ይህ መስመር የሚዛባበት ጊዜ አለ። በቅርብ ዓመታት በአማራ ክልል በነበረው የጸጥታ ችግር የተማሪዎች ጥሪ ተራዝሟል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ኔትወርክ ተቋርጧል። የአገር ውስጥ ጥሪ ሲራዘም የውጭው ማመልከቻ ቀን አብሮ አይራዘምም፤ ሁለቱን በአንድ ካሌንደር የሚጠብቅ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ቀንና ሰዓት

ሰሌዳ ላይ «እስከ 5/3/2018 ማመልከት ይቻላል» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ኅዳር 5 ማለት ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 14 ቀን 2025። ፎቶው በቴሌግራም ሲዞር ግን ቁጥሩን ማርች 5 ወይም ሜይ 3 አድርጎ የሚያነብ አይጠፋም። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የባሰው የሚመጣው ዓመተ ምህረት ሲለወጥ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ይደመራል። ታኅሣሥ 25 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 3 ቀን 2003 ነው ልደቱ። በልማድ 7 ደምሮ 2002 ብሎ የሞላ፣ ፓስፖርቱ ሲመጣ ከማመልከቻው ጋር አንድ ዓመት ይለያያል።

ዳድ በሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ተቋም የልማት ነክ ማስተርስ ፕሮግራሞች ላይ የመጀመሪያ ዲግሪው በአብዛኛው ከ6 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት፤ የ2 ዓመት የሥራ ልምድም ይጠየቃል። ሐምሌ 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ትራንስክሪፕቱ ላይ «2012» ብቻ ከተጻፈ ጀርመን ያለው አንባቢ በራሱ አቆጣጠር ስለሚያነበው ዲግሪውን 8 ዓመት ያስረጀዋል። ሬጅስትራር ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጽፍ ሰነዱ ከመታተሙ በፊት መጠየቅ ይሻላል፤ ከታተመ በኋላ ማስለወጥ ሌላ ማመልከቻና ሌላ ወረፋ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ብዙ የአውሮፓ ማመልከቻ «23:59» ላይ ይዘጋል። የግሪንዊች ሰዓት ከሆነ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ነው። የጀርመን ሰዓት ከሆነ በክረምታቸው 7 ሰዓት ከ59፣ በበጋቸው 6 ሰዓት ከ59። ይህን ያወቀ ሰው እስከ ሦስት ሰዓት ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዚያ ሌሊት ሲስተሙ ስለሚጨናነቅ 2 ሜጋባይት ፒዲኤፍ መጫን ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መብራት ከሄደ ደግሞ የሰፈሩ ዋይፋይም አብሮ ይሄዳል። ሁለት ቀን አስቀድሞ መጨረስ ነው።

የማስረጃ ፋይል

ስቱደንት ኮፒ፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስቱደንት ኮፒ ለተማሪው እጅ የሚሰጥ ነው። ኦፊሻል ደግሞ ታሽጎ ከሬጅስትራር በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ተቋም ይሄዳል፤ ፖስታውን የከፈተ ሰው ሰነዱን ዋጋ አሳጥቶታል። ኦሪጅናል ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ክፍያ መጠናቀቁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ኮስት ሼሪንግ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረ ሥርዓት ሲሆን ተማሪው በየዓመቱ የሚፈርመው ውል አለው። የዚያን ውል ኮፒ ጥሎ የተመረቀ ሰው ሂሳቡን ለማጣራት ይጉላላል።

ወደ ውጭ የሚሄድ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ካወጣው ተቋም ተነስቶ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ቢሮዎቹ አዲስ አበባ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ማለዳ ተነስቶ በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚሞክር ሰው ከሰዓት በኋላ ወረፋ ላይ ይቀራል፤ ሁለት ቀን መያዝ፣ ኦሪጅናሉንና ቢያንስ ሦስት ሦስት ኮፒ ይዞ መሄድ ይበጃል።

የስም አጻጻፍ ከሁሉ በላይ ሰው ያሰለቸ ጉዳይ ነው። «ፀሐይ» በእንግሊዝኛ ፊደል ቢያንስ በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ የ12ኛ ክፍል ካርድ አንዱን፣ ዲግሪው ሌላውን፣ ፓስፖርቱ ሦስተኛውን ይዞ ይገኛል። ቀላሉ መፍትሔ ከምርቃት በፊት ነው፦ ፋይዳና ፓስፖርት ላይ ያለው ስም ከሬጅስትራር መዝገብ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ከምርቃት በኋላ ግን በሕግ ፊት የተረጋገጠ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ቀኑም ብሩም ይበዛል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚያልፍበት መንገድም መታወቅ አለበት። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይጽፋል፣ ዲኑ ይፈርማል፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ማኅተም ያደርጋል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ደብዳቤ ተቀባዩ ዘንድ እንደ ተራ ወረቀት ነው። ዲኑ ለስብሰባ ከወጣ ውክልና የተሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቆ ወደ እሱ መሄድ ነው እንጂ በር ላይ መጠበቅ አያዋጣም። ሪኮመንዴሽን የሚጽፍ መምህር ደግሞ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት ሊጠየቅ ይገባል፤ ሲቪው፣ የማመልከቻው ሐሳብና የመዝጊያ ቀኑ አብረው ይሰጡት። ሊንኩ ለመምህሩ በኢሜይል ስለሚላክ አንዳንድ ተቋማት የጂሜይል አድራሻ አይቀበሉም፤ የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ ማስሞላት፣ ከዚያም «ስፓም ውስጥ ይዩልኝ» ብሎ መደወል ነው።

በቴሌግራም «የማመልከቻ ክፍያ» እየጠየቁ ስኮላርሺፕ የሚያስተዋውቁ ቻናሎች ሞልተዋል። ለቺቭኒንግ፣ ለዳድና ለኢራስመስ ሙንደስ ስኮላርሺፕ ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም። ቺቭኒንግ የሚጠይቀው የሁለት ዓመት፣ በሰዓት ሲቆጠር የ2,800 ሰዓት፣ የሥራ ልምድ እና ከትምህርት በኋላ ለሁለት ዓመት አገር መመለስ ነው። ኢራስመስ ሙንደስ ለማስተርስ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል።

ለተማሪዎች

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይሰጣል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ትምህርቱን እያወቁ በአሠራሩ የሚጨናነቁ አሉ፦ የይለፍ ቃል በካፒታልና በስሞል ፊደል ሲምታታባቸው፣ «ጨርስ» የሚለውን ያለጊዜው ሲነኩ። የሙከራ ዙር ሲጠራ መቅረት የለበትም። ጥናቱ ከብሉፕሪንቱ፣ ማለትም ከፈተናው ይዘት ዝርዝር፣ ቢጀመር ጥሩ ነው፤ የትኛው ኮርስ ስንት እንደሚመዝን እዚያ ላይ ስላለ የአራት ዓመት ሃንድአውት ሁሉ አያስገልጥም።

ለኢንተርንሺፕ ደብረ ብርሃን ከተማ አመቺ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካዎቹ ከግቢው ብዙ አይርቁም። ግን ሁሉም ተማሪ ደብዳቤ ይዞ በአንድ ሳምንት ስለሚመጣ ቦታ ያልቃል። ሴሚስተሩ ከመግባቱ ከሁለት ወር በፊት ለሰው ኃይል አስተዳደር ያስገባ ይቀድማል። ቴክኒክ ክፍል ውስጥ ጠይቆ «ሰው እንፈልጋለን» ያስባለ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

ከግቢ ሳይወጡ የሚገኝም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ኮርሶች ሰርተፊኬት ያሰጣሉ። የቀይ መስቀልና የሌሎች ክበቦች ተሳትፎ ማስረጃም ለስኮላርሺፕ ድርሰት ይጠቅማል፤ ደብዳቤው ግን የክበቡ ተጠሪ ሳይመረቅ በፊት መጻፍ አለበት።

ለመምህራንና ለአስተዳደር ሠራተኞች

የአስተዳደር ሠራተኛ የደረጃ ዕድገት በውስጥ ማስታወቂያ ይወጣል፤ የሚቆየውም ጥቂት የሥራ ቀናት ነው። መራጩ ኮሚቴ የሚያየው የግል ማኅደርን ነው። በማታ ተምሮ ዲግሪ የያዘ ሰው ዲግሪውን ሰው ኃይል አስገብቶ ካላስመዘገበ እንዳልተማረ ይቆጠራል። ይህ ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚያስነሳ፣ ብዙ ጊዜም ቅሬታው የማይጸና ጉዳይ ነው።

ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ በዩኒቨርሲቲው ስፖንሰርነት የሚሄድ መምህር ውል ይፈርማል፤ ዋስ ይጠራል። ዋሱ የሚገባበትን ሳያውቅ «ለወንድሜ» ብሎ ይፈርምና ተማሪው ሳይመለስ ሲቀር ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ውሉን ዋሱም ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት።

የምርምር ጥሪ ላይ ምክረ ሐሳብ (ፕሮፖዛል) የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በበጀት ሠንጠረዡ ነው። አበል፣ ትራንስፖርት፣ መረጃ ሰብሳቢና አላቂ ዕቃ ለየብቻ፣ በቀንና በሰው ቁጥር ተባዝተው መታየት አለባቸው። መሣሪያ ግዢ ያለበት ጥናት የግዢ ሂደቱን ስለሚጠብቅ ዓመቱ ያልፍበታል፤ ሰኔ 30 ያልተጠቀሙበት ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር ሂሳብ ካልተወራረደ ሁለተኛው አይለቀቅም። የሰው ጤናን የሚነካ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይዝ መስክ መውጣት የለበትም፤ ጆርናሎችም በኋላ የፈቃዱን ቁጥር ይጠይቃሉ።

የመስክ ጊዜውን ገበሬው ነው የሚወስነው። ገንዘብ በኅዳር ከተለቀቀ መረጃ ሰብሳቢው አጨዳ ላይ ይደርሳል፤ ቤት ያለ ሰው አያገኝም። በመንዝ ደጋ የበልግ እርሻም ስላለ የካቲትና መጋቢትም ሁልጊዜ ባዶ አይደለም። በክርስቲያኑ ሰፈር በየወሩ 12 እና 21፣ ሚካኤልና ማርያም ላይ፣ እርሻ ስለማይገባ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ይገኛል፤ ከዚያ ቀጥሎ የገበያ ቀን ይሻላል። መጠይቁ ከ40 ደቂቃ ከበለጠ ግን በበዓልም ቢሆን ሰው ይሰላቻል።

የባዮሎጂና የተፈጥሮ ሀብት ተማሪዎች የሚወዱት ጓሳ፣ የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት የጠበቀው የሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይገኙበታል። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። እዚያ ጥናት የሚሠራ የትብብር ደብዳቤውን አስቀድሞ ለመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ መሐል ሜዳ፣ ያድርስ፤ ለቦታው ጠባቂ ማኅበረሰብም ግልባጭ ያድርግ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ የጂፒኤስና የካሜራ ባትሪ ቶሎ ይሞታል፤ ባትሪውን ጋቢ ውስጥ አቅፎ የሚያድር መረጃ ሰብሳቢ ጠዋት ሥራ ይጀምራል።