ሱሪን የወለደው ፈረስ ነው፦ ስለ ሱሪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሱሪ ከፈረንጅ የመጣ ልብስ ነው»

ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ የአለባበስ ወግ በተነሣ ቁጥር ይህን የሚል ሰው አይጠፋም። ፈጽሞ ስሕተት ነው። እስከ ዛሬ ከተገኙት ሱሪዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ በምዕራብ ቻይና፣ ቱርፋን አካባቢ ካለ መቃብር የወጣ የሱፍ ሱሪ ሲሆን ዕድሜው 3,000 ዓመት ገደማ ነው። ሸማኔው ከጣቃ ቆርጦ አልሰፋውም፤ ሁለቱን እግሮችና በመካከላቸው የሚገባውን ሰፊ ቁራጭ ለየብቻ በልካቸው ሸምኖ ገጠማቸው። ያ የመካከል ቁራጭ ፈረስ ላይ እግርን ከፍቶ ለመቀመጥ የታሰበ ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ያየ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል። ግሪኮችና ሮማውያን ግን ሱሪን የአረመኔ ልብስ እያሉ ይንቁት ነበር!

«ተፈሪ ሱሪ እዚሁ የተፈለሰፈ ነው»

ስሙ የእኛ ነው፤ ከራስ ተፈሪ የተወሰደ። ከጭኑ ሰፍቶ ከጉልበት በታች የሚጠብቀው አሰፋፍ ግን የሕንዷ የጆድፑር ከተማ ፈረሰኞች ነው።

«ቁምጣ ሱሪ አይባልም»

ይህ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ከጀርባው ገበሬውን የመናቅ መንፈስ አለበትና። ቃሉ «ቆመጠ»፣ አሳጥሮ ቆረጠ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ትርጉሙም አጭር ሱሪ ነው። ሱሪን ሱሪ የሚያሰኘው ሁለቱን እግሮች ለየብቻ መሸፈኑ እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ቁጥር 42 ላይ ለካህናቱ የታዘዘውን የበፍታ ሱሪ ተመልከቱ፤ ከወገብ እስከ ጭን ነው የሚደርሰው። ጎጃሜ ቢያየው ቁምጣ ይለዋል። የጤፍ ማሳ በክረምት ጭቃ ሲሆን፣ ወንዝ ሲሞላ፣ የጮቄን ዳገት መውጣት ሲመጣ ረጅም ሱሪ እግር ላይ ይጠመጠማል፤ ቁምጣ ለባሹ ግን እንደ ልቡ ይራመዳል። ካኪውን ቁምጣ ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋደም አድርጎ ገበያ የሚወጣ ሰው የተሟላ ልብስ ለብሷል።

«ሱሪ ከጥንትም የወንድ ብቻ ነው»

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5 ነው። ቃሉ ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ፣ ወንድም የሴት እንዳይለብስ ያዝዛል፤ ሱሪን ግን በስም አይጠራም። የትኛው ልብስ የማን እንደሆነ የሚወስነው የየአገሩ ልማድ ነው። ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ፣ የሐረሪ ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር የሚያደርጉት ሱሪ ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት የባህል ልብሳቸው ነው።