የከተማ ፍሳሽ መስመርና ማጣሪያ ጣቢያን መምራት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የከተማ ፍሳሽ ቆሻሻ ኃላፊ ከየቤቱ መጸዳጃ፣ ከማዕድ ቤትና ከመታጠቢያ የሚወጣውን ውሃ ከተነሳበት አንስቶ ወደ ወንዝ እስኪመለስ ድረስ በኃላፊነት የሚይዝ ባለሙያ ነው። በእጁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከመሬት በታች የተዘረጋው የቧንቧ መስመር ከነማንሆሎቹ (ወደ መስመሩ መውረጃ ክዳን ያላቸው ጉድጓዶች) እና ከነፓምፕ ጣቢያዎቹ ነው፤ ሌላው በመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ማጣሪያ ጣቢያ ነው። በብዙ ከተሞች ሁለቱ ለተለያዩ የሥራ ክፍሎች ይሰጣሉ፤ መስመሩን ጥገና፣ ጣቢያውን ኦፕሬሽን ይይዘዋል። ሥራውን በቅርብ የሚያውቁት ግን አንድ አካል አድርገው ነው የሚያዩት። አንድ ጋራዥ ጠዋት የደፋው ዘይት ከሰዓት በኋላ ጣቢያው በር ላይ ይገኛል፤ ጣቢያው ሌሊት ፓምፕ ቢያቆም ደግሞ በዝቅተኛ ሰፈር ያለ ማንሆል ይገነፍላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

በኢንደስ ሸለቆ የነበረችው ሞሄንጆ ዳሮ ከ4,000 ዓመት በላይ በፊት የየቤቱን እጣቢ በጡብ በተሠራ ቦይ ታስወግድ ነበር። ክሎአካ ማክሲማ የተባለው የሮማ ትልቅ የፍሳሽ ቦይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት በነገሥታቱ እንደተጀመረ ይነገራል፤ መነሻው ግን ረግረግ ማድረቅ እንጂ መጸዳጃ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ከተሞች ለብዙ መቶ ዓመታት በጉድጓድና በክፍት ቦይ ኖረዋል።

የዘመናዊው ሥራ ታሪክ በሰፊው ተጽፎ የሚገኘው በለንደን ነው። በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾችን ቤት ለቤት እየመዘገበ፣ በሶሆ ሰፈር ብሮድ ስትሪት ላይ የነበረ የውሃ ፓምፕ ኮሌራ እያዛመተ መሆኑን አሳየ። የዘመኑ አብዛኛው ሐኪም በሽታ ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ብሎ ያምን ስለነበር የተቀበለው ጥቂት ሰው ነው። በ1858 የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ቴምዝ ወንዝ በፍሳሽ ተሞልቶ ሸተተ። የፓርላማው መጋረጃ ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ ቢነከርም አባላቱ መቀመጥ አልቻሉም። ለዓመታት ሲንከባለል የቆየው የፍሳሽ መስመር ግንባታ ሕግ ያኔ በጥቂት ሳምንታት ጸደቀ።

ሥራው ለመሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ተሰጠ። ከ1859 ጀምሮ ከወንዙ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ ፍሳሹን ወደ ወንዝ ሳይገባ የሚቀበሉ 132 ኪሎ ሜትር ያህል ዋና መስመሮች ተገነቡ፤ ለግንባታው የዋለው ጡብ 318 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይጠቀሳል። ብዙዎቹ መስመሮች እንደ እንቁላል ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያሉ ናቸው። ይህ ቅርጽ ለውበት የተመረጠ አይደለም። ሌሊት ፍሰቱ ሲቀንስ ውሃው በጠባቡ ታች ተሰብስቦ ፍጥነቱን ስለሚጠብቅ አሸዋና ዝቃጭ አይተኛም። ዛሬም መስመር የሚነድፍ መሐንዲስ ፍሰቱ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል እንዲደርስ የሚያሰላው በዚሁ ምክንያት ነው። የባዛልጌት መስመሮች አሁንም ይሠራሉ፤ ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት ለአንድ መሐንዲስ ሊሰጥ አይችልም።

ሆኖም መስመሩ ፍሳሹን አራቀው እንጂ አላጣራውም። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባሉት ቤክተንና ክሮስነስ ፍሳሹ እንዳለ ወደ ወንዙ ይለቀቅ ነበር። በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የተባለች የመንገደኞች መርከብ ከነዚህ መልቀቂያዎች አጠገብ ተጋጭታ ስትሰጥም ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። የውሃው ብክለት የሟቾቹን ቁጥር ምን ያህል እንዳበዛው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ጉዳዩ ግን ሕዝቡን አስቆጥቷል። ከዚያ በኋላ ዝቃጩን መለየት ተጀመረ፤ ከ1887 ጀምሮም በመርከብ እየተጫነ ባሕር ላይ ይደፋ ነበር። ይህ አሠራር የቆመው በ1998 ነው።

በሌሎች ከተሞች ሐምቡርግ ከ1842ቱ ቃጠሎ በኋላ በእንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ሊንድሊ እጅ መስመር ዘርግታለች። ሜምፊስ በ1880 የዝናብንና የቤትን ውሃ የሚለይ መስመር ጀመረች። ቺካጎ በ1900 ፍሳሿ ወደምትጠጣበት ሐይቅ እንዳይገባ የወንዟን አቅጣጫ በቦይ ቀለበሰች።

የማጣሪያ ጣቢያ ታሪክ ዋናው ቀን ኤፕሪል 3፣ 1914 ነው። በዚያ ቀን ኤድዋርድ አርደርንና ዊሊያም ሎኬት በማንቸስተር ዴቪሁልም ጣቢያ የሠሩትን ሙከራ ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ። ፍሳሽ በጠርሙስ አድርገው አየር ሲነፉበት ሙሉ በሙሉ እስኪጣራ አምስት ሳምንት ያህል ወሰደ። እስከዚያ ድረስ የሚሞክር ሁሉ ከታች የረጋውን ደፍቶ በአዲስ ይጀምር ነበር። እነርሱ ግን ዝቃጩን ትተው የጠራውን ብቻ አፈሰሱና አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህን እየደጋገሙ ሲሄዱ አምስት ሳምንት የፈጀው ሥራ በሰዓታት የሚያልቅ ሆነ። ዝቃጩ ለካ ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ፍሳሹን የሚበሉ ሕያዋን መንጋ ነው! እንጀራ ጋጋሪ ከሊጡ እርሾ እንደምታስቀር፣ ጣቢያውም ከትናንቱ ያስቀራል። የሐሳቡ ባለቤት ማነው በሚለው ላይ ክርክር አለ፤ አለቃቸው ጊልበርት ፋውለር በ1912 በማሳቹሴትስ የሎረንስ የምርምር ጣቢያ ያየውን ይዞ መምጣቱ ይታወቃል። ነገር ግን ዝቃጩን አስቀርተው ውጤቱን በቁጥር ያሳዩት አርደርንና ሎኬት በመሆናቸው ክብሩ የእነርሱ ነው።

መስመሩ

መስመር በአብዛኛው በስበት ኃይል ይሠራል፤ መሬቱ ሲያስቸግር ፓምፕ ጣቢያ ይገባል። መዘጋትን የሚያመጡት ነገሮች ያው የታወቁት ናቸው፦ የምግብ ቅባት፣ ጨርቅ፣ እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት፣ የዛፍ ሥር፣ የግንባታ ፍርስራሽ። ቅባቱ ሲቀዘቅዝ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ መጥረጊያው ይይዘዋል፤ ከዚያ ድንጋይ ይሆናል። በ2017 በለንደን ኋይትቻፕል የተገኘው እንዲህ ያለ ግግር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው።

መዘጋት የሚፈለግበት ዘዴ ቀላልና አስተማማኝ ነው። ቡድኑ አቤቱታ ከመጣበት ቦታ ጀምሮ ወደ ታች ማንሆል በማንሆል እየከፈተ ይወርዳል። አንዱ እስከ አንገቱ ሞልቶ የሚቀጥለው ደረቅ ከሆነ ችግሩ በሁለቱ መካከል ነው። ከዚያ የግፊት ውሃ ቱቦው በደረቁ ማንሆል ገብቶ ወደ ላይ ይላካል። አፍንጫው ውሃ የሚረጨው ወደ ኋላ ስለሆነ ራሱን እየገፋ ይወጣል፤ የተፈረፈረውንም ወደ ባዶው ማንሆል ይጎትታል። ልምድ ያለው ሠራተኛ እዚያ ላይ ይቆምና የሚመጣውን ያያል። ሥር ከመጣ የተሰነጠቀ ቧንቧ አለ ማለት ነው፤ ጠጠርና አፈር ከመጣ መስመሩ ተሰብሮ ይሆናል። ይህን አይቶ ያልመዘገበ ቡድን በሚቀጥለው ወር እዚያው ቦታ ይመለሳል። ለዚህ ነው የመዘጋት መዝገብ ከየትኛውም ካሜራ በፊት የሚመጣው፤ ካሜራው የት መግባት እንዳለበት የሚናገረው መዝገቡ ነው።

ሌላው ጠላት የማይፈለግ ውሃ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በስንጥቅ፣ የጣሪያ ዝናብ ደግሞ ካለፈቃድ በተቀጠለ ቧንቧ ይገባል። መጠኑን ለማወቅ ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ፍሰቱን መለካት ይጠቅማል፤ ሰው ተኝቶ ቧንቧው ከፈሰሰ፣ የሚፈሰው በአብዛኛው ከመሬት የገባ ነው። ዝናብንና ፍሳሽን በአንድ ቧንቧ ማስኬድ ወይስ መለየት ይሻላል የሚለው የቆየ ክርክር ነው። አንድ ላይ ከሆኑ በጎርፍ ጊዜ ያልተጣራ ፍሳሽ ወንዝ ይገባል፤ ከተለዩ ደግሞ የመንገዱ እጣቢ እንዳለ ይለቀቃል። አዲስ ለሚዘረጋ ከተማ ግን መለየቱ እንደሚሻል በዚህ ጸሐፊ ዘንድ ጥርጥር የለም።

ስለ ጋዝ የሚነገረው ሁሉ ሳይሸራረፍ መነገር አለበት። ፍሳሽ አየር አጥቶ ሲቆይ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል። በትንሹ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። በማንሆል አደጋዎች ከሚሞቱት ብዙዎቹ መጀመሪያ የገባው ሲወድቅ ለማዳን ተከትለው የዘለሉ ናቸው። ኦክስጅንን፣ ተቀጣጣይ ጋዝን፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድንና ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚለካ መሣሪያ በገመድ ወርዶ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ሳይለካ፣ ገቢው በመታጠቂያ ከላይ ካለ መሳቢያ ጋር ሳይታሰር ማንም አይገባም። ከላይ የቆመው ጠባቂ ምንም ቢፈጠር አይገባም። ይህን ሕግ «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብሎ የሚያልፍ ኃላፊ ኃላፊ አይደለም። ያው ጋዝ በቧንቧው ጣሪያ እርጥበት ላይ በባክቴሪያ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚቀየር ኮንክሪቱንም ይበላዋል።

ጣቢያው

ፍሳሹ መጀመሪያ በብረት ወንፊት ያልፋል፤ ቀጥሎ አሸዋው ይቀራል። በመጀመሪያው ማዝቀጫ ገንዳ ከተንሳፋፊው ጠጣር ግማሽ ያህሉና ከዚያም በላይ ይረጋል። ከዚያ የአየር መስጫው ገንዳ ይመጣል፤ የጣቢያው ልብ ይህ ነው። ገንዳው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ብዙውን ጊዜ በሊትር 2 ሚሊ ግራም አካባቢ ይያዛል። አየር ነፊዎቹ በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ይወስዳሉ። በመጨረሻው ገንዳ ዝቃጩ ይረጋል፤ የጠራው ይወጣል፤ ከዝቃጩ አብዛኛው ይመለሳል፤ የተረፈው ይወገዳል።

ኃላፊው ቀኑን የሚጀምረው በዙርያ ጉብኝት ነው። ጤነኛ የአየር ገንዳ ቡናማ ነው፤ ሽታው እርጥብ አፈር ይመስላል። ነጭ አረፋ ከበዛ ዝቃጩ ገና ወጣት ነው፤ ጠቆር ብሎ ከሸተተ አየር አንሶታል። ከዚያ አንድ ሊትር በሚይዝ ሲሊንደር ከገንዳው ይቀዳና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብናኞቹ ተያይዘው እንደ ደመና ይሰበሰባሉ፤ ከላይ አንድ ጣት የሚያህል ጥርት ያለ ውሃ ይታያል፤ ከዚያ መስመሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። በ30ኛው ደቂቃ የረጋው 250 ሚሊ ሊትር ከሆነና የገንዳው ጠጣር በሊትር 2,500 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ አንዱ ግራም 100 ሚሊ ሊትር ያዘ ማለት ነው፤ መልካም ነው። በዚያው ጠጣር 600 ላይ ከቆመ ግን ቁጥሩ 240 ይሆናል። ክር መሰል ባክቴሪያዎች በዝተዋል፤ ዝቃጩ አልረጋም እያለ ነው፤ ዝናብ ቢመጣ ተጠርጎ ወንዝ ይገባል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በግንድ ላይ የቆሙት ቮርቲሴላ የተባሉ ደወል መሰል ጥቃቅን ሕያዋን መኖራቸው ሰላም ነው።

ከውሳኔዎቹ ሁሉ ከባዱ በየቀኑ ምን ያህል ዝቃጭ ይወገድ የሚለው ነው። ውጤቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ በመሆኑ፣ ዛሬ ያልተደሰተ ነገ ቫልቭ ከፍቶ ከነገ ወዲያ የሚዘጋ ሰው ጣቢያውን ያናውጠዋል። የቆዩ ኦፕሬተሮች በአንድ ጊዜ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት በመቶ በላይ አይለውጡም፤ ለውጠውም ይጠብቃሉ። ይህን ትዕግሥት ከመጽሐፍ ይልቅ ከፈረቃ ጓደኛ ነው የሚማሩት።

የሚለቀቀው ውሃ የሚመዘነው በአብዛኛው በቢኦዲ ነው፤ ይህም ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ለመብላት በ5 ቀን የሚፈጁት ኦክስጅን ነው። አምስቱ ቀን የተመረጠው የብሪታንያ ወንዞች ባሕር ለመድረስ ከዚያ በላይ ስለማይፈጅባቸው ነው ይባላል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ ኮሚሽን በ1912 ያወጣው 20 ሚሊ ግራም ቢኦዲና 30 ሚሊ ግራም ጠጣር በሊትር የሚለው ልክ ለብዙ አገሮች መነሻ ሆኗል። የ1991 የአውሮፓ መመሪያ ለቢኦዲ 25 ይላል። ቁጥሩ በአምስተኛው ቀን ስለሚደርስ ጣቢያ በቢኦዲ አይመራም፤ ሲሊንደሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መሬትና ፀሐይ ባለበት የማጣሪያ ኩሬዎች በጥቂት ኤሌክትሪክ ወይም ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራሉ፤ የአንጀት ትላትል እንቁላልንም በደንብ ያስቀራሉ።

ዝቃጩ

የተወገደው ዝቃጭ አየር በሌለው ጋን ውስጥ በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲብላላ ጋዝ ይሰጣል፤ ከጋዙ ከግማሽ በላዩ ሚቴን በመሆኑ ጣቢያው ለራሱ ኃይል ያደርገዋል። የቀረው ደርቆ ለእርሻ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ላይ አገሮች አልተስማሙም። ሚልዋኪ ከ1926 ጀምሮ ማዳበሪያ አድርጋ ትሸጣለች፤ ስዊዘርላንድ ለእርሻ እንዳይውል ከልክላለች። የከባድ ብረቶች ጉዳይ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ያለው ጣቢያው ላይ ሳይሆን ፋብሪካው ወደ መስመሩ በሚለቅበት በር ላይ ነው። እዚያ ናሙና የማይወስድ ከተማ ዝቃጩን ቢያስመረምር የሚያገኘው የዘገየ ዜና ነው።

ናሙና

በጣቢያው መግቢያ ለ24 ሰዓት በየጊዜው እየተቀዳ የሚጠራቀመው ናሙና ከጣቢያው ሥራ በላይ ያገለግላል። በ2013 በእስራኤል የፖሊዮ ቫይረስ በፍሳሽ ናሙና ውስጥ ተገኘ፤ ሽባ የሆነ አንድም ሰው አልነበረም፤ የክትባት ዘመቻ ተካሄደ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ብዙ አገሮች የኮቪድ 19ን ሥርጭት በዚሁ መንገድ ተከታትለዋል። ጠርሙሱ ላይ ሰዓቱን ጽፎ፣ በበረዶ ሳጥን አድርጎ ለላቦራቶሪ የሚያስረክበው ያው ጠዋት ሲሊንደሩን የቀዳው የፈረቃ ኦፕሬተር ነው።