ድቡን የገደሉት መነኮሳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላም። ነጠላችንን አጣፍተን ቆመን አስቀደስን፤ ገድላቸው ተነበበ፤ አናብስቱና አናምርቱ እግራቸው ሥር የተኙበትን ሥዕል ተሳልመን ተመለስን። ማታ ስልኬን ስከፍት የሁለት መምህራን የመንፈስ ልጆች ነን የሚሉ ምእመናን ሲሰዳደቡ አገኘሁ። ነገሩ የተነሣው "የእኛ አባት አጋንንት ያስወጣሉ፤ የእናንተው ምን አደረጉ?" ከሚል ቃል ነው። መጨረሻው ርግማን ሆነ። የእመቤታችንን ሥዕል በስማቸው አጠገብ ያደረጉ አንዲት እናት "ዘርህ ይጥፋ" ብለው ጽፈዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ትዝ ያለኝ በኢጣልያ ያየሁት አንድ ሸለቆ ነው። ኔራ የሚባለው ወንዝ ከሲቢሊኒ ተራሮች ወርዶ፣ የኡምብሪያን ምድር አቋርጦ፣ ሮምን ወደሚያቋርጠው ወደ ቴቬሬ ወንዝ ይገባል። ሸለቆውን ቫልኔሪና ይሉታል። ፌሬንቲሎ፣ ስኬጂኖ፣ ቫሎ ዲ ኔራ የሚባሉት መንደሮች በመካከለኛው ዘመን እንደተሠሩ አሉ፤ የድንጋይ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። በአገሩ ትውፊት በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት ከሶርያ የመጡ መነኮሳት በሸለቆው ዋሻዎች ውስጥ በዓት አጽንተው ኖረዋል። እኛም ተስዓቱ ቅዱሳንን የተቀበልነው በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር መንገዳችን ተለያይቷል፤ የምነግራችሁ ታሪክ ግን የማንንም ልብ ይነካል።

ታሪኩን የጻፈው በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ነው። በኖርቺያ አካባቢ ኤውቲዚዮና ፍሎሬንዚዮ የሚባሉ ሁለት መነኮሳት አብረው ይኖሩ ነበር። ኤውቲዚዮ በስብከቱ ብዙዎችን የሚመልስ መምህር ነው። ፍሎሬንዚዮ ጸሎት እንጂ ሌላ የማያውቅ የዋህ ነው። ኤውቲዚዮ የገዳም አበምኔት ሆኖ ሲሄድ ፍሎሬንዚዮ ብቻውን ቀረ። ብቸኝነቱ ሲከብደው የሚያጽናናው ጓደኛ እንዲሰጠው ፈጣሪውን ለመነ። ከጸሎት ቤቱ ሲወጣ አንድ ድብ አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ቆሞ አገኘ። አራት ወይም አምስት በጎች ነበሩትና "ሂድ፣ አሰማራቸው፤ በስድስት ሰዓት ተመለስ" አለው። በጾም ቀን ደግሞ "በዘጠኝ ሰዓት" ይለዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው ያቺን ሰዓት ያውቃታል! ድቡ አንድ ቀን እንኳ ስድስቱን ከዘጠኙ አላምታታም።

የኤውቲዚዮ አራት ደቀ መዛሙርት ይህን ሰሙ። የእነሱ መምህር ተአምር ሳያደርግ ያ ያልተማረ ሰው ስሙ ገነነ ብለው ቀኑ። አድፍጠው ድቡን ገደሉት። ልብ አድርጉልኝ፤ የቀኑት ለራሳቸው አልነበረም፣ ለአባታቸው ነበር። ቅንዓታቸውን መንፈሳዊ አስመስሎ የሸፈነላቸውም ይኸው ነው። "እኔ የጳውሎስ ነኝ"፣ "እኔ የአጵሎስ ነኝ" የሚለውን የቆሮንቶስ ሰዎች በሽታ ሐዋርያው የሥጋ ሥራ ያለው እንዲሁ አይደለም። ኤውቲዚዮ ግደሉልኝ አላለም። የምትሳደቡላቸው አባቶችም ስደቡልን አላሉም።

ፍሎሬንዚዮ ያን ቀን እስከ ምሽት ጠበቀ። ወንድሜ እያለ የሚጠራው ድብ አልመጣም። በማግሥቱ ሬሳውን አገኘና አለቀሰ፤ ከድቡ ሞት ይልቅ ያስለቀሰው የወንድሞቹ ክፋት ነበር። በኀዘኑ መካከልም "ምንም ያልበደላቸውን የገደሉ በሰው ሁሉ ፊት ፍዳቸውን ይቀበሉ" አለ። ወዲያው አራቱም በለምጽ ተመቱ፤ ሥጋቸው እየበሰበሰ ሞቱ።

እኛ ብንሆን ኖሮ "አያችሁ፣ አባታችን ሲረግም ይደርሳል" ብለን በየቴሌግራሙ እናሠራጨው ነበር። እሱ ግን ደነገጠ። ጸሎቱ በመሰማቱ ዕድሜውን ሙሉ "ጨካኝ ነኝ፣ ነፍሰ ገዳይ ነኝ" እያለ አለቀሰ። የተበደለው እሱ ነው፤ የተገደለበትም እሱ ነው፤ የሚያለቅሰውም እሱ ነው። ጎርጎርዮስ ሲያብራራው፣ ይህ የሆነው የዋሁ ሰው ምንም ቢያዝን ዳግመኛ የርግማን ጦር እንዳይወረውር ነው ይላል።

ያዕቆብ ስለ አንደበት የጻፈውን አብረን እናንብብ፦ "በእርስዋ ጌታንና አብን እንባርካለን፤ በእርስዋም እንደ እግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች እንረግማለን" (ያዕ. 3፥9)። "እንረግማለን" ሲል ራሱንም ጨምሮ ነው። ሐዋርያው "ትረግማላችሁ" ብሎ ከእኛ አልራቀም። ደግሞም ክፉ ሰዎችን አላለም፤ በአምላክ ምሳሌ የተፈጠሩትን አለ። ሥዕል የሚሳለም ሰው ይህ ቃል ሊያስጨንቀው ይገባል። በወረቀት ላይ ያለውን የቅዱሳን ሥዕል በግንባራችን እንነካለን፤ እግዚአብሔር በእጁ የሠራውን ሥዕል ደግሞ በአፋችን እንተፋበታለን። "ኤልሳዕም ረግሟል" የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ረግሟል። ነቢዩ ግን የእግዚአብሔርን ቃል ተሸክሞ ነበር፤ አንተ የተሸከምከው የትናንት ቂምህን ነው።

በዚያው ሸለቆ በቫሎ ዲ ኔራ፣ በማርያም ስም በተሠራችው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1401 የተሣለ ሥዕል አለ፤ የሣለው ኮላ ዲ ፒዬትሮ የተባለ የካሜሪኖ ሰው ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኢጣልያ ነጭ ልብስ የለበሱ ምእመናን ተነሥተው "ሰላም! ምሕረት!" እያሉ ለዘጠኝ ቀን በእግራቸው ይዞሩ ነበር። ከልብሳቸው የተነሣ ቢያንኪ፣ ነጮቹ፣ ይሏቸዋል። በደረሱበት ሁሉ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስታርቀዋል። ሥዕሉ ፊት ቆሜ እነዚያን ነጭ ለባሾች ሳይ የእኛው እናቶች መሰሉኝ፤ ነጠላ ለብሰው በዓውደ ምሕረት የቆሙ። ልብሱ እኛም ዘንድ አለ፤ ጩኸታቸው የት ሄደብን?

እናቴ፣ ያንን የጻፉት፣ ይህ ቃል ከደረሰዎ ልቆጣዎ አልጻፍኩም። ኀዘንዎን አላውቅም። ነገር ግን የፊታችን እሑድ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት" ይላል፤ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ተሳለሙ ማለት ነው። ያን ጊዜ አጠገባችን ላለው ሰው ጎንበስ እንላለን። የረገሙት ልጅ ግን አጠገብዎ አይቆምም፤ ምናልባት ሌላ አገር፣ ሌላ አጥቢያ ነው። ከእሑድ በፊት በዚያው በጻፉበት ስልክ ይፈልጉት።